ለክንድ መለኪያው ሁለተኛ ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሰውነታቸው ሞላ ያለ ነፍሰ ጡሮች የሚገባቸው ክትትል

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ለቅድመ ወሊድ ክትትል የምትቀርብ ነፍሰ ጡርን ከሚጠብቋት መሣሪያዎች አንዱ በክንዷ መካከል የሚጠመጠም ቀጭን ሜትር ነው። ልኬቱ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እናቲቱ የምግብ እጥረት እንዳለባት ተቆጥሮ ምክርና ድጋፍ እንድታገኝ ይደረጋል። ከ23 በላይ ከሆነ ሜትሩ ሥራውን ጨርሷል፤ ምርመራውም ወደሚቀጥለው ጉዳይ ያልፋል። ክንዷ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነችው እናትና 38 ሴንቲ ሜትር የሆነችው እናት በዚህ መለኪያ ፊት አንድ ናቸው።

ሜትሩ በራሱ ጥፋት የለበትም። የተዘጋጀው በድርቅና በረሀብ በተደጋጋሚ በተፈተነ አገር የከሳችውን እናት ፈልጎ ለማግኘት ነው፤ ዛሬም ቢሆን ይህ ተግባር አላበቃም። ችግሩ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቅ የተደረገ መሣሪያ፣ ሁለት ዓይነት ችግር ጎን ለጎን በሚኖሩበት ከተማ ውስጥ ለብቻው መተዉ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ በድሬዳዋ ሰውነቷ ሞላ ያለ ነፍሰ ጡር የሚያስፈልጋት ተግሣጽ አይደለም፤ ዝምታም አይደለም። የሚያስፈልጋት በልኬት ላይ የቆመ የክትትል ዕቅድ ነው። የዕቅዱም አብዛኛው ክፍል አሁን ባሉት ጤና ጣቢያዎችና ባለሙያዎች ሊፈጸም የሚችል ነው።

የተለወጠው የክብደት ገጽታ

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች ለውጡን በግልጽ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 30 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ፤ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 በተደረገው ዳሰሳ ግን የቀጭኖቹ ድርሻ ወደ 22 በመቶ ሲወርድ፣ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው ወደ 8 በመቶ ከፍ ብሏል። አገራዊው አማካይ የሚሸፍነው ልዩነት ደግሞ ከዚህ ይሰፋል፤ በገጠር 4 በመቶ የሆነው ድርሻ በከተማ 21 በመቶ ደርሷል። አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ሐረሪ በዚህ ረገድ ከፍተኛው መጠን ከሚታይባቸው አካባቢዎች ይመደባሉ።

«ከመጠን ያለፈ» የሚለው አነጋገር በሕክምናው ዓለም የሚለካው ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ በማካፈል ነው። ውጤቱ ከ25 በላይ ሲሆን ክብደቱ ከመጠን አልፏል ይባላል፤ 30ና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ውፍረት ተብሎ ይመደባል። ለምሳሌ ቁመቷ 158 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት 62 ኪሎ ተኩል ገደማ ስትመዝን 25 ላይ ትደርሳለች፤ 75 ኪሎ ስትመዝን ደግሞ 30 ላይ። በድሬዳዋ መንገድ ላይ 75 ኪሎ የምትመዝን ሴት እንግዳ አይደለችም፤ ማንም ወፍራም ብሎ ላይጠራትም ይችላል። መለኪያውና የአካባቢው ዓይን የሚለያዩበት ቦታም ይህ ነው።

የድሬዳዋ ኑሮና ውፍረት

የድሬዳዋ ሴት ክብደት የአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ የወለደው አይደለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ስኳርና ዘይት በዚህች ከተማ የዕለት ምግብ ከሆኑ ቆይተዋል። በቀፊራ ገበያ ዙሪያ ሳምቡሳ ይጠበሳል፤ ጠዋት ፈጢራ ከማር ጋር ይቀርባል፤ ከሐረር ያልራቀው የጣፋጭ ባህል ሙሸበክንና ሐለዋን አምጥቷል። በጫት ዙሪያ የሚጠጣው ሻይ ስኳሩ የበዛ ነው፤ ለስላሳ መጠጥና ኦቾሎኒም ከበርጫው አይጠፉም። ቀድሞ በብስክሌቶቿ ትታወቅ የነበረችው ከተማ ዛሬ አጭር መንገድም በባጃጅ የሚኬድባት ሆናለች። ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ምክንያት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ በእግር መንቀሳቀስ ለማንም የሚከብድባት ከተማ ለነፍሰ ጡር ይበልጥ ትከብዳለች።

ከዚህ ሁሉ ጋር ውፍረት የሚከበርበት ልማድ አለ። «ወፈር ብለሻል፣ አምሮብሻል» የሚለው ንግግር በአማርኛ ምስጋና ነው፤ የድሎትና የጤና ምስክር ተደርጎ ይወሰዳል። መክሳት በአንጻሩ የበሽታ፣ የኀዘን ወይም የትዳር መጓደል ምልክት ሆኖ ይታያል። ሴቲቱ ስታረግዝ «ለሁለት ብዪ» ትባላለች፤ ስትወልድም ገንፎው፣ አጥሚቱና ቅቤው ይከተላል። ይህ ልማድ የተወለደው ከፍቅርና ከእጥረት ትዝታ ነው፤ በንቀት ሊታይ አይገባም። ሆኖም ሴቲቱ ጤና ጣቢያ ስትደርስ የሚገጥማት አንዳንዴ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በቤቷ የተመሰገነችበት ሰውነት በምርመራ ክፍሉ የወቀሳ ምክንያት ይሆናል። በምስጋናና በወቀሳ መካከል የጎደለው ደግሞ ለእርሷ የሚሆን ትክክለኛ መረጃ ነው።

ተጋላጭነት ብያኔ አይደለም

ሰውነታቸው ሞላ ያለ ሴቶች አብዛኞቹ ጤናማ ልጅ በሰላም ይወልዳሉ። ይህ አስቀድሞ መነገር ያለበት እውነት ነው። ነገር ግን ክብደት በጨመረ ቁጥር የአንዳንድ ችግሮች ዕድል አብሮ ይጨምራል፤ በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ የደም ግፊት፣ የእርግዝና ስኳር ሕመም፣ የደም መርጋት፣ የሕፃኑ ከልክ በላይ መግዘፍና በምጥ ጊዜ ትከሻው መያዙ፣ በቀዶ ሕክምና መውለድና የቁስል መመርቀዝ ከእነዚህ ዋናዎቹ ናቸው።

ከሁሉም በላይ የደም ግፊቱ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ከባድ ትርጉም አለው። በአገሪቱ ከ100,000 ሕያው ወሊዶች ጋር ተያይዞ የሚመዘገበው የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህ ታላቅ ውጤት ነው፤ ቀሪው ቁጥር ግን ገና ከፍተኛ ነው። ከሞቱ ቀዳሚ ምክንያቶች አንዱም ከደም መፍሰስ ቀጥሎ የሚጠራው የእርግዝና የደም ግፊት ነው። ስለዚህ የክብደት ጉዳይ ከመልክና ከቁንጅና ወጥቶ እናቶችን በሕይወት ከማቆየቱ ሥራ ጋር መያያዝ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም ይገባዋል። ሞላ ያለ ሰውነት በምግብ መጥገብን እንጂ በምግብ መበልጸግን አያረጋግጥም። ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዘይትና ስኳር ክብደት ይሰጣሉ፤ ብረትና ፎሊክ አሲድ ግን በበቂ አይሰጡም። ስለዚህ 80 ኪሎ የምትመዝን ነፍሰ ጡር ደም ማነስ ሊኖርባት ይችላል። መልኳን አይቶ የደም ምርመራዋንና የብረት እንክብሏን ቸል የሚል ባለሙያ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ አንድም ውፍረቷን ሳይለካ፣ ሁለትም እጥረቷን ሳያይ።

ሜትሩ ሊመልሰው የሚችለው ሁለተኛ ጥያቄ

የለውጡ መነሻ ከሁሉም ርካሽ የሆነው ሊሆን ይችላል። የደም ግፊት መለኪያ በክንድ ላይ የሚጠመጠም ማሰሪያ አለው። የተለመደው የአዋቂ ማሰሪያ የተሠራው ዙሪያው ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው፤ ከ35 እስከ 44 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ትልቁ ማሰሪያ ያስፈልጋል። ጠባብ ማሰሪያ በወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር የሚሰጠው ቁጥር ከእውነተኛው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ባልቲሞር በ195 አዋቂዎች ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት፣ እጅግ ትልቅ ማሰሪያ የሚገባቸው ሰዎች በተለመደው ማሰሪያ ሲለኩ የላይኛው የግፊት ቁጥር በአማካይ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ብሎ እንደሚነበብ አሳይቷል።

የዚህ ትርጉም ለነፍሰ ጡር ቀላል አይደለም። በእርግዝና ጊዜ 140 በ90 የሚለው ቁጥር ብዙ ነገር ይወስናል፤ ሪፈር መጻፍ፣ መድኃኒት መጀመር፣ አንዳንዴም ምጥን ቀድሞ ማስጀመር በዚህ ቁጥር ላይ ይቆማሉ። ግፊቷ በእውነቱ 124 የሆነች እናት በጠባብ ማሰሪያ ምክንያት 144 ተብላ ብትመዘገብ ያላስፈለጋት ሥጋትና ሕክምና ሊከተላት ይችላል። ይህ ስሕተት ሲደጋገም ደግሞ ባለሙያው ራሱ «የወፍራም ሰው ግፊት እንዲሁ ነው» ብሎ እውነተኛውን ከፍታ መናቅ ይጀምራል። ሁለቱም አደጋ ነው።

መፍትሔው አዋላጇ እጅ ላይ አለ። ከሲታዋን እናት ለመለየት የተጠመጠመው ያው የክንድ ሜትር፣ 35 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲያሳይ ትልቁ ማሰሪያ እንዲወጣ ምልክት ሊሆን ይችላል። ለዚህ አዲስ ማሽን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በሜትሩ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር፣ በመዝገቡ ላይ አንድ ተጨማሪ ሣጥን፣ በየጤና ጣቢያውም አንድ ትልቅ ማሰሪያ ነው። አንዲት እናት በአንድ ልኬት ሁለት ጥያቄ ይመለስላታል ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ ወሊድ

ቀሪው ዕቅድ በእርግዝናው ቅደም ተከተል ሊዘረዘር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክረ ሐሳብ በአንድ እርግዝና ቢያንስ ስምንት የክትትል ግንኙነቶች እንዲኖሩ፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን መክሯል። በኢትዮጵያ ግን በ2016ቱ ዳሰሳ ክትትሉን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት 20 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳም 28 በመቶ ደርሰዋል። ለሞላ ሰውነት ይህ መዘግየት ልዩ ጉዳት አለው። የመነሻ ክብደቷ ያልታወቀ እናት በእርግዝናው ምን ያህል እንደጨመረች ማወቅ አይቻልም።

የመነሻ ክብደቱ ከታወቀ ግን ግልጽ መመሪያ አለ። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ልክ መሠረት፣ ክብደቷ መካከለኛ የሆነች ሴት በእርግዝናዋ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ተገቢ ነው። ክብደቷ ከመጠን ላለፈው ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ፣ ልኬቷ 30ና ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ይበቃል። «ለሁለት ብዪ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይታረማል፤ በእርግዝና ጊዜ ለመክሳት መጣርም አብሮ ይታረማል። ለክብደት ቅነሳ ጊዜው ከእርግዝና በፊትና በሁለት እርግዝናዎች መካከል ነው፤ እርግዝናው ራሱ የረሀብ ጊዜ አይደለም።

ፎሊክ አሲድም ከዚሁ የጊዜ ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው። የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚወጡበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሱ በኋላ ባሉት 28 ቀናት ውስጥ ነው፤ ብዙዎች እርጉዝ መሆናቸውን እንኳ ሳያውቁ ማለት ነው። ውፍረት የዚህን አፈጣጠር ጉድለት ዕድል ስለሚጨምር፣ በእንግሊዝ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ልኬታቸው 30ና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሴቶች ከተለመደው 0.4 ሚሊ ግራም ይልቅ በቀን 5 ሚሊ ግራም ከእርግዝና አንድ ወር አስቀድሞ እንዲጀመር እ.ኤ.አ. በ2018 መክሯል። በድሬዳዋ ይህ እንዲሳካ መልእክቱ ከቅድመ ወሊድ ክፍል ወጥቶ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ወደሚሰጥበት ክፍልና ወደ ከተማ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መሻገር አለበት።

የስኳር ምርመራው ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ቀድሞ የነበረና ያልታወቀ የስኳር ሕመም እንዳይኖር ይመረመራል፤ ከ24 እስከ 28 ባሉት ሳምንታት ደግሞ 75 ግራም ግሉኮስ ተጠጥቶ የሚደረገው ምርመራ ይከተላል። በዓለም ጤና ድርጅት የ2013 መስፈርት በባዶ ሆድ 92 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 የእርግዝና ስኳር ሕመምን ያመለክታሉ። በሽንት ብቻ የሚደረግ የስኳር ፍተሻ ለዚህ አይተካም። የስኳር ሕመሙ የተገኘባት እናት በጾም ወቅት፣ በረመዳንም ይሁን በዐቢይ ጾም፣ ከመጾሟ በፊት ከሐኪሟ ጋር እንድትመክር ማድረግ የክትትሉ አካል መሆን አለበት፤ እስልምና ለራሷ ወይም ለልጇ ለምትሰጋ ነፍሰ ጡር የማፍጠር ፈቃድ እንደሚሰጥም ይታወቃል።

ልኬቷ 35ና ከዚያ በላይ የሆነ እናት ሌላም ተጋላጭነት ካላት፣ ለምሳሌ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ከሆነ ወይም እናቷ ወይም እህቷ በእርግዝና ግፊት ተይዘው ከነበረ፣ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ በአነስተኛ መጠን የሚወሰድ አስፕሪን የግፊት ሕመሙን ዕድል ይቀንሳል። ይህ በመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገኝ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ የሚያስፈልገው በወቅቱ የሚያስታውሰው ባለሙያ ነው። ዘግይቶ ክትትል የጀመረች እናት ግን ይህ ዕድል ያመልጣታል።

የፅንሱን ዕድገት በመከታተልም የሆድን ከፍታ በሜትር መለካት በወፍራም ሆድ ላይ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ አልትራሳውንድ ይመረጣል፤ የሆድ ስብ ምስሉን ሊያደበዝዘው እንደሚችል ግን መታወቅ አለበት። የወሊዱ ቦታም አስቀድሞ ይወሰናል። ውፍረት ብቻውን የቀዶ ሕክምና ምክንያት አይደለም፤ በምጥ መውለድ ለአብዛኞቹ ይቻላል። ሆኖም ልኬቷ ከፍ ያለ እናት ማደንዘዣና ቀዶ ሕክምና በሚገኝበት ተቋም ብትወልድ ይሻላል፤ በከተማዋ እንደ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ያለው ተቋም ለዚህ ይጠቀሳል። ይህ ውሳኔ በሌሊት፣ ምጥ ከጀመረ በኋላ፣ በባጃጅ ላይ ሊወሰን አይገባውም።

ከወሊድ በኋላም ሥራው አያበቃም። ወፍራም ሴት ጡት ማጥባት ሊዘገይባት ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ቀናት እገዛ ያሻታል። የእርግዝና ስኳር የነበረባት እናት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ልትመረመር ይገባል። የአራስ ገንፎ በባህሉ ክብር ይኑረው፤ የቅቤው መጠን ግን የአራሷን ጤና መሠረት ያድርግ።

ምክር ብቻውን ለምን አይበቃም

በክብደት ጉዳይ የተለመደው መልስ ምክር ነው፤ «ቅባት ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ» ይባልና ያልቃል። የምርምሩ ማስረጃ ግን ትሕትናን ያስተምራል። በእንግሊዝ 1,555 ውፍረት ባላቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ሙከራ፣ ተደጋጋሚና የተደራጀ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ድጋፍ ሰጥቶም የእርግዝና ስኳር ሕመምን ወይም የገዘፉ ሕፃናትን ቁጥር ሊቀንስ አልቻለም። በአውስትራሊያ አደሌድ 2,212 ሴቶችን ያሳተፈውና በ2014 የታተመው ሙከራም የገዘፉ ሕፃናትን ድርሻ በዋናው መስፈርት አልቀነሰም፤ ሆኖም ከ4 ኪሎ በላይ የሚወለዱት ሕፃናት ከ19 በመቶ ወደ 15 በመቶ ዝቅ ብለዋል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ምክር ይቅር ማለት አይደለም። በእርግዝናው አጋማሽ የሚጀመር ምክር የዓመታትን ኑሮ በጥቂት ወራት አይገለብጥም ማለት ነው። ስለዚህ የተገኘውን ውጤት ሁሉ በእናቲቱ ጥረት ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም፤ ተቋሙ በራሱ እጅ ያሉትን ነገሮች፣ ማለትም ማሰሪያውን፣ ምርመራውን፣ እንክብሉንና ሪፈሩን፣ አስቀድሞ ማሟላት አለበት።

የሚሰጠው ምክርም ከከተማዋ ኑሮ ጋር ይስማማ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚከለክል ሕመም ለሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በድሬዳዋ ይህ ማለት ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት መራመድ ሊሆን ይችላል። በሻይ ላይ የሚጨመረውን ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ማውረድ፣ በለስላሳ ፋንታ ውኃ መጠጣት፣ ከፓስታው ጎን ምስርና ጎመን መጨመር፣ በእርግዝና ጊዜ ጫትን መተው ሴቲቱ ልትፈጽማቸው የምትችላቸው ነገሮች ናቸው። «አመጋገብሽን አስተካክዪ» የሚለው ግን ምንም አላለም።

ክብር የሕክምናው አካል ነው

የአነጋገር ጉዳይ እንደ ጌጥ የሚታይ አይደለም። በሰው ፊት ሚዛን ላይ ቆማ ቁጥሯ ጮክ ተብሎ የተነበበባት፣ «ይህን ሁሉ ሥጋ ተሸክመሽ እንዴት ትወልጃለሽ» የተባለች እናት ለሚቀጥለው ቀጠሮ ላትመለስ ትችላለች። የቀረ ቀጠሮ ደግሞ ያልተለካ ግፊትና ያልታየ ስኳር ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ከመጋረጃ ጀርባ ይሁን፤ ቁጥሩ በጽሑፍ ይሰፈር፤ ስለ ክብደት ከመነጋገር በፊትም ፈቃድ ይጠየቅ። «እህቴ፣ ክብደትሽ ከፍ ያለ ስለሆነ ግፊትሽንና ስኳርሽን ከሌላው ይበልጥ እንከታተላለን፤ ዕቅዳችን ይኸውልሽ» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ በሚነጋገር ከተማ ይህ ዓረፍተ ነገር በሦስቱም ልሳን ተዘጋጅቶ በየክፍሉ ሊኖር ይገባዋል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የቅድሚያ ጥያቄ ነው። በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ዛሬም ምግብ ያጠራቸው ነፍሰ ጡሮች ሳሉ ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ክብደት አለው። ነገር ግን የቀረበው ሐሳብ ከከሳችው እናት የሚወስደው ነገር የለም፤ ያው ሜትር፣ ያው ቀጠሮ፣ ያው አዋላጅ ሁለቱንም ያያሉ። ደግሞም የቀጭንነትና የውፍረት ችግር በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። የጤና ሥርዓት ከሁለቱ አንዱን ለማየት ሌላውን መጨፈን የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመለኪያው ራሱ ይነሣል። ክብደትን ለቁመት የሚያነጻጽረው ቁጥር ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ በእርግዝናው የተጨመረውንም ከነባሩ አይለይም። ይህ እውነት ነው። ቁጥሩ ግን እዚህ የቀረበው ሴቲቱን ለመመደብ ሳይሆን የትኛው ምርመራ እንዳይረሳ ለማስታወስ ነው። ለዚህ ዓላማ ፍጹም መሆን አይጠበቅበትም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መለካቱ ይበቃል።

ሦስተኛው ክብደትን መጥቀስ በራሱ ሴቶችን ያሸማቅቃል የሚለው ነው። ዝምታ ግን ደግነት ሆኖ አልተገኘም። በዝምታ የታለፈች እናት የምትጋፈጠው አደጋ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ዝግጅቷ ነው። የሚያሸማቅቀው ዕቅድ የማይከተለው ቁጥር ነው፤ ዕቅድ የተከተለው ቁጥር ግን እንክብካቤ ነው።

ለምርምር የቀረ ሥራ

ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህ ጉዳይ በአነስተኛ ወጪ ሊጠና የሚችል መስክ ነው። በከተማዋ ጤና ጣቢያዎች ትልቅ የግፊት ማሰሪያ ያላቸው ስንቶቹ ናቸው? ክንዳቸው 35 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ነፍሰ ጡሮች በሁለቱም ማሰሪያ ቢለኩ ልዩነቱ ስንት ይሆናል? የመነሻ ክብደትና ቁመት በስንቶቹ የክትትል ካርዶች ላይ ሁለቱም ተሞልተው ይገኛሉ? በጫት፣ በጣፋጭ ሻይና በእርግዝና ስኳር መካከል ያለው ግንኙነት ምን ይመስላል? እነዚህ ጥያቄዎች ውድ ላቦራቶሪ አይሹም፤ ሜትር፣ ሚዛን፣ ሁለት ማሰሪያና በትዕግሥት የተሞላ መዝገብ ይሻሉ።

የእናቶችን ሞት በ16 ዓመታት ከግማሽ በላይ የቀነሰው የኢትዮጵያ ልምድ ታላላቅ ውጤቶች ከትናንሽ፣ ከተደጋጋሚና ከተመዘገቡ ተግባራት እንደሚወለዱ አሳይቷል። ለድሬዳዋ የሚቀጥለው እርምጃም ከዚህ የተለየ አይሆንም፤ የሚጀምረው በየጤና ጣቢያው የግፊት መለኪያ አጠገብ ትልቁን ማሰሪያ ከማኖርና በክንድ ሜትሩ ላይ 35ኛውን መስመር ከማስመር ነው።